ከመጋረጃው ጀርባ፦ የተማሪዎች የበጎ አድራጎት ፋሽን ሾው አዘገጃጀት

ተማሪዎች «ለበጎ አድራጎት ፋሽን ሾው እናዘጋጅ» ሲሉ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ሞዴል ነው። ማን ይራመዳል? ፖስተሩ ላይ ማን ይውጣ? መዝጊያው ላይ ምን ሙዚቃ ይግባ? ደስ የሚል ወሬ ነው። አድካሚው ሥራ ያለው ግን መጋረጃው ጀርባ፣ ልብስ በተደረደረበትና ሰው በሚተራመስበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የሰው ነው። ልብሱ የዲዛይነሩ፣ ጫማው የጓደኛ፣ ድሪው የእናት፣ አዳራሹ የዩኒቨርሲቲው። በር ላይ የሚሰበሰበው ብር ደግሞ የምትረዷቸው አረጋውያን ወይም ሕሙማን ነው። እንግዲህ የጀርባ ሥራ ማለት አደራ ተቀብሎ፣ በጥንቃቄ ተጠቅሞ፣ እንዳለ መመለስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ምሳሌዬ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ግቢ የሚዘጋጅ መካከለኛ ሾው ነው። 12 ሞዴል፣ 4 ወይም 5 ዲዛይነር፣ 40 ያህል ልብስ። ጎንደር ወይም ሐዋሳ ብትሆኑም ብዙው አይለወጥም።

1. ገንዘቡ የማን እንደሆነ ይለይ

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የምትረዱትን ድርጅት ቁረጡ። «ለተቸገሩ ወገኖች» የሚል ፖስተር ማንንም አያሳምንም። የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም ይሁን፣ የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበርም ይሁን፣ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ሞዴስ መግዣ ላጠራቸው ሴት ተማሪዎችም ይሁን፣ ስሙና ዓላማው ቁልጭ ብሎ ይታወቅ። ድርጅት ከሆነ ቢሮው ድረስ ሂዱ። በስሙ ገንዘብ እንድትሰበስቡ መስማማቱን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተቀበሉ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩንም ከእነሱው እጅ ውሰዱ። ከቴሌግራም ላይ አትገልብጡ።

ቀጥሎ ወጪ ነው። የቲኬቱ ገቢ ለጄኔሬተር ኪራይና ለባነር ማተሚያ ከዋለ፣ ለድርጅቱ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ወጪውን በዓይነት ለመሸፈን ሞክሩ። ማተሚያ ቤቱ ፖስተሩን ያትም፣ የውሃ ፋብሪካው ውሃ ይስጥ፣ የውበት ሳሎኑ ባለሙያዎቹን ለግማሽ ቀን ይላክ። በምላሹ ስማቸው ባነሩ ላይ ይውጣ። ገንዘብ ከመለመን ዕቃና ሙያ መጠየቅ ይቀላል። «ብሩ የት ገባ?» የሚለው ጥርጣሬም ከሥሩ ይደርቃል። ለእኔ ቲኬት መሸጥ የሚጀመረው ወጪው ከተሸፈነ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ኮሚቴ ያኮርፈኛል፤ ያኩርፍ።

ቀኑን በተመለከተ ሚድና ፋይናል ሳምንት አይሞከርም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ላይ ግማሹ ታዳሚ ይቀራል፣ ሞዴሎቹም በባዶ ሆድ ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ከፋሲካ በኋላ ያሉ ቅዳሜዎች ወይም የጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ሰሞን ይሻላል።

2. ደብዳቤና የግቢ ጥበቃ

ፈቃድ የሚጠየቀው ከተማሪዎች ዲን ነው፤ ከተማሪዎች ኅብረት ጋር አብራችሁ ግቡ። ደብዳቤው ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ አዳራሽ፣ የእንግዳ ብዛትና የምትረዱት ድርጅት ስም ይኑር። ግልባጭ ለጥበቃ ክፍሉ ይድረስ። ይህን ግልባጭ አትናቁት። በሾው ቀን ጠዋት የስፌት መኪና፣ ስፒከር፣ ካውያና አምስት ሻንጣ ልብስ ይዛችሁ በር ላይ ስትደርሱ የሚያስገባችሁ እሱ ነው።

ደግሞ ሲገባ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲወጣ አይወጣም። የሚገባውን ሁሉ በሁለት ቅጂ ዘርዝሩ፤ አንዱን ጥበቃው ይፈርምበት፣ አንዱ እናንተ ዘንድ ይቅር። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደክሟችሁ፣ የሰው ስፒከር ተሸክማችሁ፣ ፈረቃ ከቀየረ ጥበቃ ጋር ከመከራከር ያድናችኋል።

3. ልብሱን መረከብ

ዲዛይነር ከየት ይመጣል? ታዋቂዎቹን ብቻ አታሳድዱ። ፋሽን ዲዛይን የሚማሩ ልጆች ሥራቸው እንዲታይላቸው ይፈልጋሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክስታይልና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለ፣ አዲስ አበባም የግል ማሠልጠኛዎች ሞልተዋል። ለሐበሻ ልብስ ደግሞ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ትንሽ ስትሄዱ ሽሮ ሜዳ ነው። ሱቅ በሱቅ እየገባችሁ አነጋግሩ። ባለሱቆቹ የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፦ ሜካፕ የነካው ነጭ ሸማ። ፍርሃታቸው ትክክል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሾውን ግርማ አትተርኩላቸው። ልብሱን እንዴት እንደምትጠብቁት ንገሯቸው።

መረከቢያ ቅጽ አዘጋጁ። የልብሱ ዓይነት፣ ከነምኑ እንደመጣ (መቀነት፣ ነጠላ፣ ቀበቶ)፣ ግምታዊ ዋጋው፣ የመመለሻ ቀኑ፣ የሁለታችሁ ፊርማ። ከዚያ እያንዳንዱን ልብስ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱ። የወደቀ ቁልፍ ወይም የተተረተረ ጠርዝ ካለ ባለቤቱ እያየ ቀርባችሁ አንሱት። ኋላ «እናንተ ናችሁ» «እኛ አይደለንም» የሚለውን ጭቅጭቅ የሚዘጋው ይሄ ፎቶ ነው።

ለእያንዳንዱ ዲዛይነር ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ልብስ ቁጥር ስጡ። ሀ1፣ ሀ2፣ ለ1፣ ለ2 እያለ ይሄዳል። ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ በክር መስቀያው ላይ ይታሰር እንጂ ጨርቁ ላይ በስፒል አይወጋ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላይ ስፒል የከፈተው ቀዳዳ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል። ጌጡና መቀነቱ የሚያሳይ ፌስታል ውስጥ ይግባና እዚያው መስቀያ ላይ ይንጠልጠል።

4. ልኬትና የመብራት ፈተና

የሞዴሎቻችሁን ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመትና የጫማ ቁጥር ራሳችሁ በሜትር ለኩ። «ስንት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሰው የሚናገረው የአምናውን ነው። ልብሱ ካልሆነ ልብሱ ይስተካከላል፣ ወይም ለሌላ ሰው ይሰጣል። «ትንሽ ቀንሺ» የሚባል ነገር በተማሪ ሾው ላይ አልወድም። ልጆቹ በነፃ ነው የሚራመዱት፤ ደግሞም የራሳቸው ፈተና አለባቸው። ማጥበብ ካስፈለገ በረዣዥም የእጅ ስፌት ብቻ ያዙት፤ ማታውኑ ይፈታል። መቀስ የሚነሳው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

የመብራት ፈተና የምለው ብዙዎች የሚረሱት ነገር ነው። ስስ ሸማና ነጭ ቀሚስ በቀን ብርሃን ምንም አያሳይም። የመድረክ መብራት ከኋላ ሲመታው፣ ወይም ፎቶ አንሺው ፍላሽ ሲለቅ ግን ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል። ልኬት ላይ ክፍሉን አጨልሙ። አንዷ የስልኳን ባትሪ አብርታ ከሞዴሏ ኋላ ትያዝ፣ ሌላዋ ከፊት ፎቶ ታንሳ። ከታየ የቆዳ ቀለም ያለው የውስጥ ልብስ ወይም ገበር ያስፈልጋል። ነጭ የውስጥ ልብስ በነጭ ሸማ ስር ይበልጥ ይጎላል።

በዚህ ነገር የሚታወቅ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ስኮትላንድ ውስጥ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባዘጋጁት የበጎ አድራጎት ፋሽን ሾው ላይ፣ ያኔ ተማሪ የነበረችው፣ ኋላ የእንግሊዙን ልዑል ዊልያምን ያገባችው ኬት ሚድልተን ገላ የሚያሳይ ስስ ልብስ ለብሳ ተራምዳለች። ልብሱ ሲሠራ ጉርድ ቀሚስ ነበር፤ እሷ ግን ከፍ አድርጋ እንደ ሙሉ ቀሚስ ለበሰችው። ያ ልብስ እ.ኤ.አ. በ2011 በጨረታ 78,000 ፓውንድ ተሸጧል። እዚያ ታውቆ የተለበሰ ነው። የእናንተ ሞዴል ሳታውቅ ገላዋ ነገ ቴሌግራም ላይ ቢወጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ልኬቱ ሲያልቅ ሞዴሏን ሙሉ ልብሷን፣ ጫማዋንና ጌጧን አድርጋ ፎቶ አንሷትና ፎቶውን አሳትማችሁ መስቀያው ላይ አንጠልጥሉት። የምታለብሳት ልጅ ፎቶውን እያየች ነው የምትሠራው። በተለይ ለነጠላ። ጥለቱ በየት በኩል እንደሚውል፣ በየትኛው ትከሻ እንደሚጣል ከፎቶው ይታያል። በጥድፊያ አዘቅዝቃችሁ ካለበሳችኋት የሐዘን ነው የሚሆነው። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እናቶች «ውይ፣ ማን ሞተባት?» መባባል ይጀምራሉ።

5. ተራ ማውጣት፦ ሦስት ደቂቃ የማትሞላው ጊዜ

እዚህ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። መድረኩ 15 ሜትር ነው እንበል። ሞዴል በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል ትራመዳለች። ስትሄድ 15 ሴኮንድ፣ ጫፍ ላይ ቆማ ስትታይ 5፣ ስትመለስ 15፤ በድምሩ 35 ሴኮንድ። በየ20 ሴኮንዱ አንድ ሰው ቢወጣ አሥራ ሁለቱ ወጥተው እስኪያልቁ 240 ሴኮንድ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ይፈጃል። የመጀመሪያዋ ልጅ በ35ኛው ሴኮንድ ተመልሳ ጀርባ ገብታለች። ሁለተኛ ልብሷን ለብሳ በ240ኛው ትወጣለች። ግን 30 ሴኮንድ ቀድማ ሰልፍ ላይ መቆም አለባት። ለመቀየር የቀራት 175 ሴኮንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

በዚህ ጊዜ ጂንስና ሸሚዝ ይቀየራል። መቀነት፣ ድሪ፣ ነጠላና የሚታሰር ጫማ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ግን አይቀየርም። ስለዚህ ተራ የሚወጣው በዲዛይነር ዝና ወይም በፖስተር ላይ ስም ሳይሆን በልብሱ ክብደት ነው። ከባዱ የሐበሻ ልብስ መክፈቻ ላይ ይሁን፣ ሞዴሎቹ ተረጋግተው ለብሰው ይጀምሩ። ወይም ከሱ በፊት ክራር የሚጫወት ወይም ግጥም የሚያነብ ሰው ስምንት ደቂቃ ይግባ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልጆች ከተገኙ እሰየው። ታዳሚው ሙዚቃ ሰማ ብሎ ይደሰታል፤ እናንተ ጀርባ ላይ ቁልፍ ትቆልፋላችሁ።

ሌላም ስሌት አለ። 40 ልብስ በ20 ሴኮንድ ሲባዛ 800 ሴኮንድ ነው። 13 ደቂቃ ከምናምን! ቲኬት ቆርጦ የመጣ ሰው ጠቅላላ የሚያየው ልብስ ይሄው ነው። ስለዚህ ሾውን ለሁለት ወይም ለሦስት ክፍል ከፍላችሁ መሃል መሃሉን በሙዚቃ፣ በድርጅቱ አጭር ንግግርና በጨረታ ሙሉት። ፍጥነት በመቀነስ ለማስረዘም አትሞክሩ፤ መድረክ ባዶ ሲሆን ሰው ስልኩን ያወጣል።

ተራው ከወጣ በኋላ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ሦስት ቦታ ለጥፉ፦ የልብስ መስቀያው ጋ፣ መውጫው በር ላይ፣ ዲጄው ፊት። ሦስቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን አንድ ሰው በጣቱ እየጠቆመ ያረጋግጥ። አንድ ሞዴል ብትቀር ማን እንደሚተካ ሳይሆን ቁጥሩ ተዘልሎ እንዲቀጥል ተስማሙ። በመጨረሻ ደቂቃ መተካካት ሁሉንም ያምሰዋል።

6. ክፍሉ

አብዛኛው የግቢ አዳራሽ ጀርባው ላይ መቀየሪያ ክፍል የለውም። አጠገቡ ያለ መማሪያ ክፍል አስከፍቱ። ወንበሩን ወደ ዳር ግፉት። የሴትና የወንድ መቀየሪያ ለየብቻ ይሁን። ሁለት ክፍል ካልተገኘ ገመድ ወጥራችሁ አንሶላ ጋርዱ። ሒጃብ የምትለብስ ሞዴል ካለች ወንድ ፈጽሞ የማይገባበት ጥግ ያስፈልጋታል፤ ይህንን ከልኬት ቀን ጀምሮ ጠይቃችሁ እወቁ።

መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ስልክ አይወጣም። ጨዋታ የለም እዚህ ላይ። «ባክስቴጅ ቪዲዮ ለቲክቶክ» የሚል ሁሌ አይጠፋም። እሱ ሰልፉ ጋር፣ ሁሉም ለብሶ ካበቃ በኋላ ይቀረጽ። በሩ ላይ ስም ዝርዝር የያዘ ሰው ይቁም። ዝርዝሩ ላይ የሌለ አይገባም፤ የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጓደኛም ቢሆን።

መብራት፦ አንድ ካውያ ከ1,200 እስከ 2,000 ዋት ይስባል። አንድ የተለመደ 10 አምፔር ማከፋፈያ በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው። ሁለት ካውያ አንድ ማከፋፈያ ላይ ከሰካችሁ ወይ ቆጣሪ ይጥላል ወይ ገመዱ ይግላል። ካውያው በአንድ ግድግዳ፣ ፔስትራው በሌላ ግድግዳ፣ ስፒከሩ ከሁለቱም በተለየ መስመር ይሁን። የመተኮሱ ሥራ ጠዋት ይለቅ። ጄኔሬተር ስትከራዩም «ይሠራል» መባሉ አይበቃም፤ ካውያውም ስፒከሩም መብራቱም ተሰክቶ 10 ደቂቃ ይታይ። ሙዚቃው ቻርጅ ያለው ላፕቶፕ ላይ ከሆነ፣ መብራት ሲሄድ ስፒከሩ ቢዘጋም ቢያንስ ዘፈኑ የደረሰበት ቦታ አይጠፋባችሁም።

ሐበሻ ልብስ ሲተኮስ ይገለበጥና በውስጥ በኩል ነው። የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው፤ በጋለ ካውያ ይጨማደዳል፣ ይባስ ሲል ይቀልጣል። ላዩ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ምግብ ክፍሉ ውስጥ አይገባም። ውጭ፣ በረንዳ ላይ። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቆሎ ይበቃል። ወጥና ሳምቡሳ ከሸማ ጋር ጠላት ናቸው። ውሃ በስትሮ ይጠጣ፤ ሊፕስቲኩም አይለቅ፣ ደረትም ላይ አይፈስ።

7. ማን ምን ይሠራል?

አንድ የጀርባ አለቃ ይኑር። አንድ ብቻ። እሷ ወይም እሱ አይራመዱም፣ መድረክም አይመሩም፣ እንግዳም አይቀበሉም። ፋታ የሌላት አለቃ አለቃ አይደለችም።

ለሁለት ሞዴል አንድ አልባሽ ዝቅተኛው ነው። ሁለቱ ተከታትለው የሚወጡ ከሆኑ አይሠራም፤ አንዷ ከፊተኛው ግማሽ፣ አንዷ ከኋለኛው ትሁን። አልባሿ ሞዴሏ ከመመለሷ በፊት ቀጣዩን ልብስ ዚፑን ከፍታ፣ ቁልፉን ፈትታ፣ ጫማውን ፊት ለፊት አስቀምጣ ትጠብቃለች። ልጅቷ ስትገባ የወለቀው ልብስ መሬት ላይ አይጣልም። ወዲያው መስቀያው ላይ፣ ቁጥሩ ሥር። ማታ ልብስ የሚጠፋው እዚህች ሰዓት ላይ ነው።

መውጫው በር ላይ የሚቆመውን ሰው ተራ አስከባሪ ብላችሁ ጥሩት። ሥራውም እንደ ታክሲው ነው፦ ቀጣይዋን ይጠራል፣ ከላይ እስከ ታች ያያታል፣ ትከሻዋን ነክቶ ይለቃታል። ስልክ ኔትወርክ በሰው ብዛት ሊጨናነቅ ይችላል፣ የቴሌግራም ግሩፕንም በዚያ ሰዓት የሚያይ የለም። ከዲጄውና ከመድረክ መሪው ጋር የሚግባባው በእጅ ምልክትና በአንድ ተላላኪ ነው። «አቆይልኝ» እና «ልቀቅ» የሚሉት ሁለት ምልክቶች ይበቃሉ።

ልብስ ሰፊ ያስፈልጋችኋል፤ ባለሙያ ካልተገኘ እጇ የተፍታታ ጓደኛ። አሥር መርፌ ቀድሞ ክር ይግባበት። ነጭ፣ ጥቁር፣ የቆዳ ቀለም፤ ስፖንጅ ላይ ተሰክቶ ይቀመጥ። መርፌ ቁልፍ በትልቁም በትንሹም፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ እርጥብ ሶፍት፣ ዲኦድራንት፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ ሞዴስ።

ዚፕ ሲፈነዳ (ይፈነዳል!) እንዲህ ነው የሚደረገው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትንፋሿን ትያዝ። አልባሿ ሁለቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ታገናኝ። ሰፊዋ መጀመሪያ ላይኛውን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ ትያዝ፤ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ወገቡ ጋ፣ ከዚያ መሃሉን። አርባ ሴኮንድ ካለ በክር ትስፋው፣ ኋላ ተቆርጦ ይወጣል። ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል ይደረግ፣ ልጅቷም ጫፍ ላይ ጀርባዋን እንዳትሰጥ ይነገራት።

8. ልምምድ

ሁለት ልምምድ በጫማ፣ አንዱ ደግሞ በሙሉ ልብስ። በልብስ የሚደረገውን አትዝለሉት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ይመስለኛል። ሰዓት ያዙና እያንዳንዷን ቅያሪ ለኩ። ከ175 ሴኮንድ የበለጠ ከወሰደ ልብሱ ቦታ ይቀይር።

የተዋሳችሁት ጫማ ሶል ላይ ወፍራም ፕላስተር ለጥፉ፣ ሳይጫጫር ይመለሳል። ፕላስተሩን በመቀስ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት፤ አለበለዚያ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል።

9. የሾው ቀን

ሾው 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል ካላችሁ ቲኬቱ ላይ 8 ሰዓት ጻፉ። የሐበሻ ቀጠሮን ማስተካከል የእናንተ ሥራ አይደለም። ከ12 ሰዓት በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው፤ ሩቅ የሚሄዱ ልጆች ታክሲ ያገኛሉ።

ጠዋት 2 ሰዓት ዕቃ ይገባል፣ 3 ሰዓት መተኮስ ይጀመራል። ሜካፕ 4 ሰዓት። ሦስት ባለሙያ ለአንድ ሰው 40 ደቂቃ ቢወስዱ፣ 12 ሞዴል አራት ዙር ነው፤ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ስለዚህ 6 ሰዓት ከ40 ላይ ያልቃል። ምሳ ሊፕስቲክ ከመቀባቱ በፊት ይበላ። 7 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ መድረኩን ይዩት፣ 8 ተኩል የመጀመሪያው ልብስ ይለበስ።

ልብስ በራስ በኩል ሲገባ ፊት ላይ ስስ ሻሽ ጣል ይደረግ። ይህች ሻሽ ስንት ሸማ አድናለች! እንዲያም ሆኖ ፋውንዴሽን ከነካ አትፈትጉት፣ ውሃም አታፍሱበት። የላዩን በደረቅ ሶፍት ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ከዚያ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በእርጥብ ጨርቅ ጫፍ። ጥለቱ ጋ ከሆነ አትንኩት፤ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። ለባለቤቱ ማታውኑ ንገሩት፣ ማጠቢያውንም እናንተ ክፈሉ።

10. ጨረታና በር ላይ ያለው ብር

እኛ አገር ገንዘብ የሚሰበሰበው ከቲኬት ይልቅ በጨረታ ነው። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ አንድ ሥዕል፣ ወይም ዲዛይነሩ ከለገሰ አንድ ልብስ ይውጣ። ድምፁ የሚሰማ፣ ሰው የሚያስቅ ልጅ ያጫርት። «እሰጣለሁ» ያለ ሰው ስሙ ብቻ ተጽፎ እንዳይሄድ፤ እዚያው ወንበሩ ድረስ የድርጅቱን ሒሳብ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ቃል የተገባ ብር ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ ይቀዘቅዛል።

የምትረዷቸውን ሰዎች መድረክ ላይ አውጥታችሁ አታስለቅሱ። የድርጅቱ ሠራተኛ አምስት ደቂቃ ይናገር፣ ይበቃል።

ቲኬት ተከታታይ ቁጥርና ጉርድ ይኑረው። በር ላይ ሁለት ሰው፦ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ጉርዱን ይሰበስባል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ጥሬ ብር መያዝ ቀንሷል፤ ግን የሚታየው ስክሪን ሾት ደረሰኝ አይደለም። ብሩ ሲገባ መልእክቱ የሚደርሰው ስልክ በር ላይ ይኑር፣ እዚያ ካልታየ አልገባም። ጥሬ ብሩ ሾው እንዳለቀ ሦስት ሰው በተገኘበት ተቆጥሮ፣ ተፈርሞበት፣ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ድርጅቱ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ሰኞ ዕለት የባንክ ደረሰኙን፣ የተሸጠውን የቲኬት ቁጥርና የተሸፈነውን ወጪ አንድ ገጽ ላይ አድርጋችሁ ቻናላችሁ ላይ ልቀቁ። የሚጠይቅ እስኪመጣ አትጠብቁ።

11. መመለስ

ጭብጨባው ሲያልቅ ሁሉም ፎቶ ለመነሳት ይሮጣል። አልባሾቹ ግን ከክፍሉ አይወጡም። ሞዴሏ የለበሰችውን አውልቃ፣ መስቀያው ላይ ከነፌስታሉ ተቆጥሮ፣ ከመረከቢያ ፎቶው ጋር ከተያየ በኋላ ነው የሚኬደው። የሚጎድለው ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ነው፦ የጆሮ ጌጥ አንዱ፣ መቀነት፣ የጫማ ማሰሪያ። ያኔውኑ ስትፈልጉት መጋረጃው ሥር ታገኙታላችሁ፤ ነገ አዳራሹ ከተጠረገ በኋላ ግን የለም።

ያጠበባችሁበት ስፌት ይፈታ፣ የጫማው ፕላስተር ይላጥ። ሳሙናና ላብ የነካውን ለይታችሁ እጠቡ ወይም ላውንድሪ ስጡ፣ ባለቤቱ ግን በእጅ ካለ በእጅ። በሁለት ቀን ውስጥ እየዞራችሁ አስረክቡና ቅጹ ላይ አስፈርሙ። ፎቶ አንሺው ያነሳቸውን ለየዲዛይነሩ ለይታችሁ፣ ሳይጠይቋችሁ ላኩላቸው። የሚመጣው ዓመት ልብስ የሚገኘው በዚህ ነው።

የቀረውን፣ ማለትም መስቀያውን፣ ገመዱን፣ አንሶላውን፣ የዲዛይነሮቹን ስልክና የተራውን ዝርዝር፣ ለሚቀጥለው ኮሚቴ በጽሑፍ አስረክቡ። መስቀያው ተቆጥሮ ይጻፍ። ካልተጻፈ ዶርም ለዶርም ተበትኖ፣ የሚመጣው ዓመት ልጆች ከመርካቶ እንደ አዲስ ይገዛሉ።